ያልተጠቀጠቀው ጣራ

የጡረታ ደብዳቤዬ ላይ «በዕድሜ መግፋት ምክንያት» የሚል ቃል ሰፍሯል። የጻፈው ሰው በጨዋነት ነው እንዲህ ያለው፤ «በእርጅና» ላለማለት ነው። እኔ ግን ሳነበው ደሜ ፈላ። ደብዳቤውን ያቀበለኝ ጸሐፊ «ምነው፣ ማረፍዎ ደስ አላለዎትም?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? መሥሪያ ቤቴ እርጅና የምትለዋን ቃል ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ጽፏታል። ያን ጊዜ የተጻፈችው በሰው ላይ ሳይሆን በቤት ላይ ነበር፤ ነጭ ውሸትም ነበረች። የሥራ ዘመኔን ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚያ ቤት ብዬ ነው እንጂ የአናጢ ኑሮ ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም።

አምሳሉ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት ሰቆጣ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ። እኔንም ሊያቀስሱ የቄስ ትምህርት ቤት አስገቡኝ፤ ዜማው ጉሮሮዬ ላይ እየተሰነቀረ አልወጣ ሲል ተስፋ ቆርጠው ተዉኝ፤ አናጢነት ለመድሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግሥት የተቃጠለውንና የፈረሰውን ቢሮ የሚጠግንለት ሰው ሲፈልግ መጋዜን ይዤ ቀረብሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ የሚመጣውም ደስ ባለው ጊዜ ነው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም። እዚያ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ያገኘሁት ሰው ግን ቀለም ይገባዋል።

አያ ኪሮስ ይባላሉ፤ የፃግብጂ ሰው ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጛ፣ በዋግ አገውኛ፣ ስለሆነ አማርኛቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሲቆጡ ጨርሰው ወደ ኽምጣንጛቸው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ የያዝኸውን ሥራ አስቀምጠህ ቆመህ መጠበቅ ነው። የቤተ ክርስቲያንም የገበሬም ቤት ሠርተዋል። አንድ ቤት እንዲጠግኑ ሲጠሩ እስከ እኩለ ቀን ምንም አይሠሩም። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ፣ ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ፣ ቤቱን ዝም ብለው ያያሉ። አለቆቻችን ይህን ሲያዩ ስንፍና ይመስላቸውና ይበሳጫሉ፤ እርሳቸው ግን ዞር ብለውም አያዩአቸውም።

ከዚያ ይነሡና በመጥረቢያቸው ጀርባ እንጨቱን ሁሉ አንድ በአንድ መታ መታ ያደርጋሉ። መታ አድርገው ጉንጫቸውን እንጨቱ ላይ ይለጥፉና ያዳምጣሉ። ድምፁ ካላማራቸው ከዳር ትንሽ ፈልጠው ያሸታሉ። ጣራ ላይ ሲወጡ ደግሞ በረባሷቸውን አውልቀው መሬት ይተዋሉ፤ ባዶ እግራቸውን እያሻሹ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ከሥሩ የላላውን፣ ውሃ የገባበትን፣ ባዶ የሆነውን በውስጥ እግራቸው ያውቁታል። እኔ ይህን ለመማር ስንት ክረምት ፈጀብኝ፤ በጫማ እየወጣሁ ስለነበር ነው።

አንድ ቀን አንድ ያዘመመ ግንብ አይቼ «ይሄማ አርጅቷል» አልኋቸው። መጥረቢያቸውን አስቀመጡ።

«አርጅቷል አትበለኝ አንተ። ማን እንደተወው ንገረኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ያችን ቃል በሥራ ቦታ ከአፌ አላወጣሁም።

ከእርሳቸው ጋር ብዙ ቦታ ዞርን። አምደወርቅ ትምህርት ቤት ስንሠራ መስኮቱ ሁሉ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ይሁን ያለ አለቃ ነበረን፤ ከመንገድ ሲታይ ያምራል ነው የሚለው። ልጆቹ ጋቢ ተከናንበው ሲማሩ ከረሙ። አበርገሌ የፖሊስ ኬላ ስንሠራ ደግሞ አያ ኪሮስ የሚተከለውን የምሰሶ እግር ምስጥ እንዳይበላው አስቀድመው በእሳት ለበለቡት። የዚያ ሥራ አለቃ ከዛፍ ጥላ ተነሥቶ መጣና የጠቆረ እንጨት መንግሥትን ያዋርዳል ብሎ አስነቀለው። ነጭ ነጩን ተክለን ሄድን። ኬላው ብዙ ሳይቆይ በምስጥ ተበልቶ ፖሊሶቹ ላይ ሲደፋ አለቃው ተሹሞ ሌላ አገር ሄዶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በየሄድንበት ስላየሁ ንዴቴ በአንድ ቀን የበቀለ አይደለም።

ቆይቶ ሰቆጣ ላይ የቅርስ ጉዳይ የሚባል ቢሮ ተከፈተ። እንጨት የሚያውቅ ሰው ፈልገው እኔን ወሰዱኝ፤ እኔም አያ ኪሮስን በቀን ሠራተኛነት አስቀጠርኋቸው። የቢሮውን ኃላፊ ስሙን አልጠራም። «ትእዛዝ ነው» የምትል ቃል ከአፉ ስለማትጠፋ በየጓዳው «አቶ ትእዛዝ» ነበር የምንለው። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ነበር። አንድም ቀን ግን የአንድ ቤት ጣራ ላይ ሲወጣ አላየሁትም።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ በሚወስደው መንገድ፣ ከገደል አፋፍ ላይ ያለ የገበሬ ቤት ነው። ባለቤቷ እመት የሺወርቅ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ሁለት በሬና አንዲት ላም ይዘው እዚያው ይኖራሉ። ቤቱ ሕድሞ ነው፦ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ጠፍጣፋና አፈር። እንዲህ ያለ ቤት በአገራችን ሞልቷል። የዚህኛው ግድግዳ ግን ድንጋይ ብቻ አልነበረም። አንድ ክንድ ያህል ድንጋይ ይደረደርና በላዩ ረጅም የወይራ እንጨት ይጋደማል፤ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት። እንጨቶቹን አጫጭር ግንዶች ከውስጥ ወደ ውጭ ሰቅስቀው ይይዟቸዋል። ጫፋቸው በውጭ በኩል ድቡልቡል ሆኖ ስለሚታይ የዝንጀሮ ራስ እንላቸዋለን። እንዲህ ያለ አሠራር እኔ የማውቀው በድሮ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ነው። ገበሬ ቤት ላይ፣ ላም በታሰረችበት ግድግዳ ላይ ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

አያ ኪሮስ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው እስከ እኩለ ቀን አዩት። ከዚያ ገብተው ዋናውን ወራጅ መቱ። ከቤቱ ወገብ ላይ የሚያልፍ፣ ራሱ ባላ በሆነ የወይራ ምሰሶ የተደገፈ፣ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ወራጅ ነው። ጉንጫቸውን ለጥፈው ቆዩና ፈገግ አሉ። እሳቸው ፈገግ ሲሉ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

«ይህ እንጨት ከዚህ ቤት በፊት ሌላ ቤት ነበረው» አሉኝ። ጎኑ ላይ ምንም ያልተሰካባቸው ቀዳዳዎች ነበሩ። በመሮ ተስተካክለው የተበሱ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ግን አንዳች ሥራ የሌላቸው። መጋዝ የነካው ቦታ የለም፤ ሁሉም በመጥረቢያ የተጠረበ ነው።

ይህን ለቢሮው ነገርን። ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ተላከ፤ አቶ ዮናስ ይባላል፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። እውነቱን ልናገርና ጎበዝ ነበር። እኛ ያላየነውን አየ። ግድግዳው ከወገቡ በታችና በላይ የሁለት ዘመን እጅ እንደሆነ፣ የላዩን የሠራው ሰው የታችኛውን አስመስሎ ለመሥራት እንደሞከረ፣ እንጨቱን ግን አጥልቆ እንዳላስገባው በጣቱ እየነካ አሳየን። የላሟን ጋጣ ወለል በጥንቃቄ ቢያስቆፍር ከሥሩ ሌላ ደፍ ወጣ፤ በሰው እግር የተሸረሸረ የበር ድንጋይ ነው። ዛሬ ላም የምታድርበት ድሮ የቤቱ መግቢያ ነበር። አያ ኪሮስ ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳስሰው «እንዴት እስከ ዛሬ ተቀብሮ ኖረ» አሉ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ጭቅጭቃቸው እኔን እስካሁን ይናፍቀኛል። እመት የሺወርቅም ወደዱት፤ «ይህ ልጅ የናቱን ጡት በደንብ ጠብቷል» እያሉ እርጎ ያቀርቡለታል።

ጉዱ የመጣው ጣራው ላይ ሲወጣ ነው። የሕድሞ ጣራ ከሥሩ ወራጅ፣ በላዩ የተፈለጠ እንጨት ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ ቅጠልና ጭድ፣ ከዚያ አፈር ነው። ያ አፈር በየዓመቱ ይታደሳል። የበጋው ፀሐይ ስለሚሰነጥቀው በግንቦት ማለቂያ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ ጎረቤት በደቦ ይወጣል። ከገደሉ ሥር ግራጫ አፈር ይመጣል፣ ከአመድና ከእብቅ ጋር ይለወሳል፣ ጣራው ላይ ይደለደላል። ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የእንጨት መዶሻ ይዘው ሲጠቀጥቁ ሴቶቹ ከሥር ሆነው ያዘፍኗቸዋል። ደንብ አለው፦ የቤቱ ባለቤት ጠርታ ድግስ ካላቀረበች በሰው ጣራ ላይ መውጣት ነውር ነው። ጥቅጠቃው ከቀረ ጣራው ክረምቱን አይወጣም። ይህን የሕድሞ አገር ሕፃን ያውቀዋል።

አቶ ዮናስ ጣራውን በካሬ ቅርጽ ቆርጦ ወደ ታች ሲያይ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ጥቁር እየሆነ የሚወርድ አፈር አገኘ። የየዓመቱ ጥቅጠቃ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተኝቷል። መሃል መሃሉ ላይ የገል ስባሪ፣ አንዲት ጨሌ፣ የከሰል ፍርፋሪ ነበር። በደስታ ጮኸ። ስንት ትውልድ ክረምቱን እንዴት እንዳለፈ እዚህ አፈር ላይ ይገኛል አለ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ያን ጊዜ ልቤ ሞቀ።

ግን መሣሪያ አልያዘም፤ ሄዶ መምጣት ነበረበት። የቆረጠውን ቦታ በሸራ ሸፈነና ተመልሶ እስኪመጣ ማንም አፈር እንዳይጨምር፣ ማንም እንዳይጠቀጥቅ አዘዘ። መዶሻው የላይ የላዩን ያደባልቅብኛል ነው የሚለው።

አያ ኪሮስ «እርስዎ የከፈቱትን ማን ይዘጋዋል?» አሉት።

«እኔ ራሴ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት እዚህ ነኝ።»

«ሰኔ ሰው አይጠብቅም ጌታዬ።»

«እኔ እቀድመዋለሁ» አለና ሳቀ።

ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። አቶ ትእዛዝ ግን ከባለሙያው በላይ ባለሙያ ሆኖ መጣ። እመት የሺወርቅን ከቤታቸው ደጅ አቁሞ፣ ባለሙያው ባለበት፣ ጣራዬን አላስነካም ብለው በማርያም እንዲምሉ አደረገ። አቶ ዮናስ አፍሮ «መሐላ አያስፈልግም፣ እመቴ ቃላቸው ይበቃኛል» ቢልም እሳቸው ቀድመው ምለው ነበር። ለዚያ ልጅ ብለው ነው የማሉት። ልጁ በአገራችን መሐላ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ያኛው ግን ያውቃል፣ አውቆም ነው ያስማለው።

ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦት ገባ። አቶ ዮናስ የለም። ጎረቤቶቹ መዶሻቸውን ከቆጥ አውርደው ጥሪ ይጠብቃሉ፤ እመት የሺወርቅ አልጠሩም። እኔና አያ ኪሮስ ሄደን ለመንናቸው።

«እመት፣ ይጥሩ እንጂ። ሰማዩን አያዩም?»

«አየዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ምያለሁ።»

«ለሰው ብለው ማሉ እንጂ ቤትዎን ሊጥሉ አልማሉም።»

«ማርያምን ጠርቼ አምሳሉ! ለሰው ነው ትለኛለህ? የማልሁለት ልጅ መጥቶ ይፍታኝ፤ በደስታ እጠራለሁ። እሱ ሳይፈታኝ መዶሻ የያዘ ሰው ጣራዬ ላይ ባይ እሳት ይበላኛል።»

የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄድሁ። እሳቸውም ያስማለው ይፍታ፣ የተማለለትም ይፍታ አሉኝ። ቢሮ ሄድሁ። አቶ ትእዛዝን ከወንበሩ ፊት ቆሜ ለመንሁት፦ ወደ አዲስ አበባ ይደውሉ፣ ከአቶ ዮናስ አፍ አንድ ቃል ብቻ ይምጣልን፣ ወይም እርስዎ ራስዎ ይፍቷቸው።

«ትእዛዝ በስልክ አይሻርም» አለኝ።

«ጣራው ይወድቃል ጌታዬ።»

«ስንት መቶ ዓመት የቆመ ቤት ዘንድሮ ላንተ ሲል ይወድቃል?»

«የቆመው በየዓመቱ ስለተጠቀጠቀ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ያን ያህል ጮክ ብዬ ለአለቃ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከቢሮ በዘበኛ አስወጣኝ፤ በማግሥቱ ደግሞ ሁለት ፖሊስ ወደ መንደሩ ልኮ ጣራውን የነካ እንደሚታሰር አስነገረ። መሐላው እንኳ አልበቃውም። አቶ ዮናስ ያን ጊዜ የውጭ አገር እንግዶች እያስጎበኘ ሌላ ክፍለ ሀገር እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ልሂድ ብሎ ለምኖ ከልክለውታል ይባላል። ይሁን፤ ግን ሰኔ እሱንም አልጠበቀውም።

ዝናቡ መጣ። ያ የአገራችን ዝናብ፣ ድንጋይ የሚያንከባልለው። በሁለተኛው ቀን ጣራው ማንጠባጠብ ጀመረ። እመት የሺወርቅ በሚያንጠባጥበው ሥር ገበቴ አስቀመጡ፤ ሲሞላ ደፍተው እንደገና ያስቀምጣሉ። እኔና አያ ኪሮስ የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክመን ሄደን ከውስጥ ወራጁን ደገፍን። ወራጁ አልተነቃነቀም፤ የዚያ እንጨት ነገር ይገርማል። ጉዳቱ ርብራቡ ላይ ነበር። የተሰነጠቀው አፈር ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ከብዷል። በሸራው ሥር ያለው ካሬ ደግሞ የውሃ መግቢያ ሆኗል።

አያ ኪሮስ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ በረባሷቸውን አወለቁ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«እኔ አልማልሁም» አሉ።

«ኪሮስ ተው! አልጠራሁህም!» ብለው እመት የሺወርቅ ጮኹ።

«ነውሩን ለኔ ይተዉልኝ።»

ሽማግሌ ናቸው፤ ግን መሰላሉን ወጥተው ሲጨርሱ አልደረስሁባቸውም። ከሥር ሆኜ ባዶ እግራቸው ጣራው ላይ ሲሻሽ ይሰማኛል፤ ጠንካራውን ቦታ እየፈለጉ ወደ ካሬው ይጠጋሉ። ከዚያ መዶሻቸው መታ፣ መታ፣ መታ አለ። ቀዳዳውን ሊደፍኑት ጥቂት ነበር የቀራቸው። የካሬው ዳር ያለ ርብራብ ተሰበረና እርጥቡ አፈር እርሳቸውን ይዞ ላሟ ላይ ወረደ። ላሟ ወዲያው ሞተች። አያ ኪሮስ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከጭቃው ስናወጣቸው በኽምጣንጛ ይናገሩ ነበር። ማንን እንደሚራገሙ ቃሉ ባይገባኝም አውቄያለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ የጣራው ግማሽ ወረደ፤ ከጣራው ጋር የላይኛው ግድግዳም ተናደ። እመት የሺወርቅ ልጃቸው ቤት ገቡ።

አቶ ትእዛዝ ሪፖርት ጻፈ። «ከሰቆጣ ውጭ የሚገኘው ጥንታዊ ቤት በእርጅና ምክንያት ወድቋል።» ይህችው ነች። እንደ አናጢ ፈርም አለኝ። አልፈርምም አልሁት። አያ ኪሮስ ያስተማሩኝን ጠየቅሁት፦ «ማን እንደተወው ለምን አይጽፉም?» ከዚያ በኋላ መሮና መጋዝ አልነካሁም፤ የቢሮው ግቢ ዘበኛና ቁልፍ ያዥ አደረገኝ።

አቶ ዮናስ የመጣው መስከረም ላይ ነው። ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እመት የሺወርቅ ከልጃቸው ቤት ሲመጡ ተነሥቶ እጃቸውን ሳመ።

«ፈትቼዎታለሁ እመቴ። ከመሐላዎ ፈትቼዎታለሁ።»

«አሁን ልጄ?» አሉት። «ከምኑ ላይ?»

ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ንዴቴ ይቀልልኝ ነበር። ሌላ ሥራ ፈልጎ ከመሥሪያ ቤቱ ለቀቀ አሉ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም፣ እንዴት እንደሚባልም አላውቅበትም።

ከዚህ የከፋው ገና ነው። አቶ ትእዛዝ የወደቀውን እንጨት ሁሉ የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ አስጭኖ ግቢያችን ውስጥ አስከመረው። እመት የሺወርቅ ከመንደራቸው በእግራቸው መጥተው እንጨቴን ስጡኝ፣ በትንሹ ልሥራ አሉ። ቅርስ ለግለሰብ አይሰጥም ተባሉ። ቅርሱ ደግሞ በዝናብ ይደበደባል፤ ላዩ ላይ ውሻ ይተኛል። የዝንጀሮ ራሶቹ ለቢሮው ምድጃ ተፈለጡ። ጠንካራ ጠንካራው ወራጅ ለአቶ ትእዛዝ የበቅሎ ቤት ሄደ። ይህን ሁሉ ቁልፉን በወገቤ አስሬ ጠዋት ማታ ሳይ ኖርሁ። እሱም ይህን አውቆ ነው ቁልፉን ለኔ የሰጠኝ። ዋናው ወራጅ ብቻ ከብዶ ማንም ስላላነሣው እዚያው ከአጥሩ ሥር ተጋድሞ ቀረ።

የጡረታዬ ደብዳቤ የመጣው በዚያ ክፉ ድርቅ ማግሥት ነው። ከብት አልቋል፤ መንደሩ ውስጥ ጭስ የማይወጣበት ቤት ብዙ ነው። አዲስ አበባ ላይ አድማና ሰልፍ ነው እየተባለ ሹሞቻችን ሁሉ ሬዲዮ ላይ ተደፍተዋል፤ አቶ ትእዛዝም ከቢሮ መጥፋት አብዝቶ ነበር። ቁልፍ አስረክብ ተባልሁ። ከማስረከቤ በፊት መንደሩ ሄጄ የተረፉትን ወንዶች ይዤ መጣሁ። በጠራራ ፀሐይ የግቢውን በር ከፍቼ ወራጁን አሸከምኋቸው። ተርበው ከስተዋል፤ እየተቀያየሩ፣ እያረፉ ተሸከሙት። ከቢሮው መስኮት አንዱ አንገቱን አውጥቶ «በማን ትእዛዝ ነው?» ብሎ ጮኸ።

«በጣራው ባለቤት!» አልሁትና ቁልፉን በመስኮቱ ወረወርሁለት።

ከቀድሞው ቤት የቆመውን የታችኛውን ግድግዳ ተከትለን ትንሽ ቤት ሠራን፤ አንድ ክፍል ብቻ። ወራጁ ረዝሞ ስለነበር ልቆርጠው መጋዝ አነሣሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ጫፉን በግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተውሁት። እመት የሺወርቅ እንደ ደንቡ ጠሩ፤ ድግሱ ንፍሮ ብቻ ነበር። አያ ኪሮስን በቃሬዛ አምጥተን ከሥር፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው። ወንዶቹ ጠቅጥቀው ሲወርዱ አያ ኪሮስ ወደኔ አዩ።

«ጫማህን አውልቅ» አሉኝ።

በጡረታ ዕድሜዬ መሰላል ወጣሁ። ባዶ እግሬን እያሻሸሁ ከዳር እስከ ዳር ሄድሁ፤ እሳቸው ከታች በዱላቸው «እዚያ ቁም፣ አሁን ወደ ግራ» ይሉኛል። የላላ ቦታ አላገኘሁም። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ ዝናቡን አምጡት» አሉ።

ዝናቡ የመጣ ዕለት እዚያው ነበርሁ። ከውስጥ ተቀምጠን ጣራው ላይ ሲወርድ እንሰማለን። አንድ ጠብታ አልገባም። ግን የመጀመሪያው ነጎድጓድ እንደተሰማ እመት የሺወርቅ ተነሡ። ከጥግ ገበቴያቸውን አነሡና አምጥተው ከወራጁ ሥር፣ መሃል ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«እመት፣ እኮ አያፈስም። ይኸው ደረቅ ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ፤ አጠገቡም ተቀመጡ።

ዛሬም ሄጄ ሳያቸው ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ያችኑ ገበቴ ያወጣሉ። ዝናቡ ሲያባራ ደረቋን አንሥተው ወደ ጥጓ ይመልሷታል። ያችን ደረቅ ገበቴ ባየሁ ቁጥር አንድም የተሾመ ሰው ፊቴ ባይቆም ይሻለዋል እላለሁ።